የአያ ስሜነህ ቅል

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከትምህርት ቤት አንዲት ወረቀት ይዛ መጣች። የጉዞ ፈቃድ ናት። ልጆቹ በአውቶብስ ወደ ግሽ ዓባይ ሄደው፣ ሲመለሱ ደግሞ በጀልባ ደሴቶቹን ያያሉ፤ ወላጅ ከታች ይፈርም ትላለች። ልጄ እስክርቢቶውን ሳይቀር ይዛልኝ ቆማለች። እኔ ግን ለፊርማው አልቸኮልኩም። ተነስቼ ወደ ቁም ሣጥኔ ሄድኩና ቀለበቶቼን ከማስቀምጥባት ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ አንዲት ደረቅ ባቄላ አወጣሁ። ከዕድሜዋ ብዛት ጠቁራለች፤ ቆዳዋ ተሸብሽቧል። "ምንድን ናት እማ?" አለችኝ። "ባቄላ ናት" አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

ልጅ እያለሁ በፍኖተ ሰላም የጳጉሜ ወሬ አንድ ብቻ ነበር፤ የአያ ስሜነህ ጉዞ። እኩዮቼ ታስታውሱ ይሆናል፤ በየከተማው እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም ነበር። አውቶብስ ይኮናተራል፣ አገሬውን ያሳፍራል፣ ጸበል ያስጠምቃል፣ ተራራውንና ደሴቱን ያሳያል፣ መንገድ ላይ ደግሞ የየቦታውን ታሪክ እየተረከ አንዴ ያስለቅሳል፣ አንዴ ያስቃል። የእኛው አያ ስሜነህ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ገበያው ዳር ባለች ጠባብ ክፍል ልብስ ይሰፋሉ። ጳጉሜ ስትደርስ ግን የስፌት መኪናቸውን በጨርቅ ሸፍነው፣ ያችን ቡኒ ኮታቸውን ደርበው ሌላ ሰው ይሆናሉ። እንደ እሳቸው የምወደው ሰው አልነበረኝም። አባቴ ከሞተ ሁለተኛ ዓመቱ ነበርና፣ "የአባትሽ ስም ማን ነው?" ስባል ስሙን ተናግሬ ሳበቃ "የአያ ስሜነህ የእህት ልጅ ነኝ" ብዬ መጨመር ልማዴ ነበር።

አያ ስሜነህ ሰው የሚቆጥሩት በባቄላ ነው። በአገራችን ሰውን በጣት እየጠቆሙ አንድ፣ ሁለት ማለት ነውር ነው፤ ከብቱን እንኳ "ስንት አለህ?" ሲባል "ተመስገን" ብሎ ያልፋል እንጂ ቁጥሩን የሚናገር ገበሬ አላውቅም። በመጀመሪያው ጉዟቸው ተሳፋሪውን ጮክ ብለው ሊቆጥሩ ቢነሱ አሮጊቶቹ "ምን አደረግንህ? ልታስጨርሰን ነው?" ብለው ጮኹባቸው አሉ። ከዚያ ወዲህ አንገቷ ቀጭን፣ ሆዷ ሰፊ የሆነች ቅል አበጁ። ተሳፋሪው ሲወርድ ከበሩ ላይ አንድ አንድ ባቄላ ይሰጡታል፤ ሲሳፈር መልሶ ቅሏ ውስጥ ይጥላል። ሁሉም ገብቶ ሲያበቃ ከሹፌሩ ጎን ባለው የሞተር መክደኛ ላይ ነጠላ አንጥፈው ባቄላውን ይገለብጡና ሁለት ሁለት እያደረጉ ይቆጥራሉ። "ሙሉ ነው!" ሲሉ ሹፌሩ ሞተሩን ያስነሳል። "ሙሉ ነው" ሳይባል ያ አውቶብስ ንቅንቅ አይልም።

በዚያ ዓመት እናቴ "አንቺ ትሄጃለሽ" አለችኝ። ታላቅ ወንድሜ ስንት ጊዜ ለምኖ የተከለከለውን ነገር እኔ ሳልጠይቅ አገኘሁት። ደስታዬን ያጨለመው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንቁጣጣሽ። ያን ዓመት የሰፈራችን ልጆች አበባየሆሽን የማወጣው እኔ እንድሆን ተስማምተው ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከጓሮ ቆሜ ስለማመድ ጉሮሮዬ ተዘግቶ ነበር። ካላደረስኩ ያችን ቦታ ማን እንደሚይዝብኝ አውቃለሁ፤ ድምጿ እንደ ዛገ በር ሲጢጥ የሚለው የጎረቤታችን ልጅ ናት። አያ ስሜነህን ጠየቅኳቸው።

"አያ፣ ለእንቁጣጣሽ እንደርሳለን?"

"በዋዜማዋ ቤትሽ ነሽ፤ ስሜነህ ይሙት!" አሉኝ። በራሳቸው ስም ማሉ። አመንኳቸው።

ጳጉሜ አንድ ቀን ማለዳ ተነሳን። እናቴ ስንቄን በአንድ ፌስታል፣ ልብሴን በሌላ ጥቅል አድርጋ ሰጠችኝ። ጥቅሉ ለአምስት ቀን ጉዞ ከባድ ነበር። ገና መንገድ ላይ ፈትቼ ባየው የክረምት ሹራቤ፣ የዓመት በዓል ቀሚሴ፣ ሁለተኛ ጫማዬ፣ ከሁሉ ሥር ደግሞ በላስቲክ የተጠቀለለ የትምህርት ቤት ካርዴ አለ። ካርዱን ይዤ አያ ስሜነህ ጋ ሄድኩ። አገላብጠው አዩትና "ገዳም ስንደርስ አባቶች እንዲባርኩልሽ ነው" አሉኝ። ከክፍሌ ሦስተኛ ወጥቼ ስለነበር መባረኩ ተገቢ መሰለኝ። ደግሞ ሌላም ነገር ነበር። እናቴ አገላብጣ ሳመችኝ፣ ደግማ ሳመችኝ፤ አውቶብሱ ሲነሳ ግን የሌሎቹ ልጆች እናቶች ቆመው እጅ ሲያወዛውዙ እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ሰፈር ትመለስ ነበር። ሊጥ አቡክታ ስለነበር ለእሱ ቸኩላ ነው ብዬ አሰብኩ።

መጀመሪያ የወረድነው ቡሬ ነው። አያ ስሜነህ በሩ ላይ ቆመው ከቅሏ እያወጡ ለሁሉም ባቄላ አደሉ። የእኔ ተራ ሲደርስ ቅሏን ወደ ጎን አድርገው እጃቸውን ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና አንዲት ትልቅ፣ ደልደል ያለች ባቄላ አወጡ። "ያንቺ ልዩ ናት" አሉኝ። ስንሳፈርም ቅሏ ውስጥ ልጥል ስል "ያንቺን ለእኔ ስጪኝ" ብለው በመዳፋቸው ተቀብለው ኪሳቸው መለሷት። በየወረድንበት ሁሉ እንዲህ ሆነ። ክብር ነው የመሰለኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው ተለይቼ ባቄላዬ ከአያ ስሜነህ ኪስ የምትወጣልኝ እኔ ነበርኩ። መስኮት ዳር ተቀምጬ ስለዚህ ነገር ብቻ እያሰብኩ ፈገግ እል ነበር።

ከቡሬ አባ ካሴ የሚባሉ ሽማግሌና ባለቤታቸው ተሳፍረው ከጎኔ ተቀመጡ። ሁለቱ ሚስጥር ሲኖራቸው በአዊኛ ያወራሉ፣ ለሁላችን የሚሆን ጨዋታ ሲመጣ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። አባ ካሴ ኪሳቸው ሁልጊዜ የባቄላና የሽምብራ ቆሎ አይጠፋውም፤ እሳቸው ያፍሳሉ፣ እኔ አጅባለሁ። ከጥሊሊ ታጥፈን የሰከላን ተራራ ስንያያዘው አውቶብሱ ያቃስት ጀመር። ጭጋጉ መስኮቱ ላይ ይለጠፋል፣ ጭቃው ጎማውን ይጎትታል፣ ሴቶቹ ከበሮ እየመቱ ይዘምራሉ፣ የእርጥብ ነጠላና የነዳጅ ሽታ ተቀላቅሎ ራስ ያዞራል። ከታች ሸለቆው ውስጥ ጤፉ ገና ለጋ፣ የአደይ አበባው ቢጫ እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ ያለ ነበር። አገሬ እንዲህ ታምራለች ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ተራራው አናት ላይ ስንደርስ አያ ስሜነህ "ከዚህ በታች ያለው ውኃ ሁሉ ዓባይን የሚከተል ነው" ሲሉ የውኃው ሁሉ ጌታ የሆኑ መሰለኝ።

ግሽ ዓባይ ጸበሉን ጠጣን፣ ተጠመቅን፣ በጀሪካን ቀዳን። ለመነሳት ተሳፍረን አያ ስሜነህ ባቄላውን ገልብጠው ሲቆጥሩ አንዲት ጎደለች። ደግመው ቆጠሩ፤ ያው ናት። ወንዶቹ ተመልሰው ሜዳውን አሰሱ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ የተኛ ሰው እንዳለ ብለው ዞሩ፤ አንዱ ጭራሽ ወደ ምንጩ ወርዶ "ማነህ የቀረኸው?" እያለ ይጣራል። የቀረው ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ዝናቡ ደግሞ መጣ። ረጅም ጊዜ ከጠበቅን በኋላ የአባ ካሴ ባለቤት ባላቸውን ጠርጠር አድርገው ያዩአቸውና በአዊኛ አንድ ነገር ተናገሩ። አባ ካሴ ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ከዚያ አፋቸውን ያዙ።

"ወይ ጉድ! ከቆሎዬ ጋር በላኋት መሰለኝ። ለካስ ቅድም ጥርሴን ልትሰብረው የነበረችው እሷ ናት!"

አውቶብሱ በሳቅ ሊፈነዳ ደረሰ። አያ ስሜነህ ግን ከንፈራቸውን ነክሰው ቆሙ። አባ ካሴ ደግሞ ተቆጡ፤ "ይኸው እኔ ከነጢሜ ተቀምጬልህ! አንተ የምትፈልገው ባቄላዋን ነው ወይስ እኔን?"

"ባቄላው ካልሞላ አልሄድም አባ። የሰው አደራ ነው የያዝኩ" አሉ አያ ስሜነህ፤ ከአባ ካሴ ኪስ አንዲት የተቆላች ባቄላ ተቀብለው ቅሏ ውስጥ ከጨመሩ በኋላ ነው "ሙሉ ነው" ያሉት። እኔም በልቤ እንዲህ ብዬ ያዝኩት፤ አንዲት ባቄላ እስከጎደለች ድረስ ይሄ አውቶብስ አይሄድም። በዕድሜዬ እንዲያ እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሕልም ነበር። ዘንገና ሐይቅ ዳር ወርደን ድንጋይ ወርውሬ ድምፁን አዳመጥኩ። መራዊ ላይ ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ በላን። ባሕር ዳር ስንደርስ ጣናን አየሁና ሰማዩ የወረደ መስሎኝ የአያ ስሜነህን ኮት ያዝኩ። ጀልባው ሲሞቅ የሚወጣው ጭስ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ደሴቶቹን አንድ በአንድ አየን፤ ቅጠሉ ጨለማ የሠራበት ዳገት፣ ከጣሪያው ሥር በቀለም ያሸበረቀ ግድግዳ፣ የሎሚ ሽታ፣ የድንጋይ ደወል። ሴት የማትረግጠው ደሴት ላይ ወንዶቹ ሲሻገሩ እኛ ከጎኗ ባለችው ደሴት ቀረን። አያ ስሜነህ ከጀልባዋ ጋር ሲርቁ ፈራሁና ማልቀስ ጀመርኩ። ከጀልባዋ ላይ ሆነው ጮክ ብለው፣

"ባቄላሽን ይዘሽ የለ? ያለ እሷ ወዴት እሄዳለሁ!" አሉኝ።

እንባዬን ጠረግኩ። ባቄላዬን ከጠጠር ጋር አድርጌ ቅልብልቦሽ እየተጫወትኩ ጠበቅኳቸው። እውነትም ተመልሰው መጡ።

በመጨረሻው ቀን፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም ልንመለስ ተሳፍረን ከከተማው ሳንወጣ አውቶብሱ አስፋልቱ ዳር ቆመ። አያ ስሜነህ "አክስትሽን ሰላም ብለሽ ነይ፤ እዚሁ ናት" አሉኝ። እትዬ ዘውድነሽ የእናቴ ታናሽ እህት ናቸው፤ ልጅ የላቸውም፤ ከዚያ በፊት ያየኋቸው አንዴ፣ በአባቴ ለቅሶ ላይ ነበር። ሌላ የወረደ ሰው የለም። አያ ስሜነህ ባቄላዬን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። ሲሰጡኝ እጃቸው እጄ ላይ ትንሽ ቆየ። "ጥቅልሽንም ያዢው፣ ካርድሽን ታሳዪያታለሽ" አሉኝ። አባ ካሴ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው እያዩኝ ነበር፤ እጄን አውለበለብኩላቸው። እሳቸው ግን አላውለበለቡም። ቆሏቸውን መቆርጠም እንኳ አቁመው ነበር።

እትዬ ዘውድነሽ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ምግቡ ቀርቧል። አያ ስሜነህ ቆመው አንድ ጉርሻ ጎረሱና "ሹፌሩን አንድ ነገር ልበለው" ብለው ወጡ። እኔ ዶሮ ወጥ ፊቴ ላይ ተደርጎልኝ፣ ትልቅ የዶሮ ብልት ይዤ ተቀመጥኩ። ጥቂት እንደቆየሁ የአውቶብሱ ጥሩምባ ተሰማ፤ ቀጥሎ ሞተሩ። እትዬ ዘውድነሽ ደንግጠው እጄን ያዙኝ። ልነሳ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን አልተነሳሁም።

"አይሄዱም" አልኳቸው እየሳቅሁ። መዳፌን ከፍቼ አሳየኋቸው። "ባቄላዬ እኔ ጋ ናት።"

እትዬ ዘውድነሽ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እኔ ብልቱን አጥንቱ እስኪነጣ ግጬ፣ እጄን ታጥቤ፣ ጥቅሌን አንስቼ፣ በዝግታ ወጣሁ። ያን ዝግታዬን ሳስብ እስከ ዛሬ ፊቴ ይቃጠላል። አስፋልቱ ዳር አውቶብሱ የቆመበት ቦታ ላይ የፈሰሰ ዘይት ብቻ ነበር። ተሳስቻለሁ ብዬ ወደ ላይም ወደ ታችም ሄድኩ። አያ ስሜነህ ባቄላውን ሲገለብጡ አንዲት ትጎድልና ይመለሳሉ ብዬ ከድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። መራዊ ላይ ይቆጥራሉ፤ ካልሆነም ዳንግላ ላይ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሰፈሩ ልጃገረዶች ችቦ እየለኮሱ፣ የነገውን አበባየሆሽ እየሞከሩ በፊቴ አለፉ። እትዬ ዘውድነሽ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። "እናትሽ ለእኔ ሰጥታሻለች የእኔ ልጅ። ትምህርትሽንም እዚህ ትማሪያለሽ" አሉኝ። ካርዴ ለምን እንደመጣ ያኔ ገባኝ።

እትዬ ዘውድነሽ ክፉ ነበሩ ብል ሐሰት ነው። አበሉኝ፣ አለበሱኝ፣ እስከ ኮሌጅ አስተማሩኝ፤ ሲያርፉም እጄን ይዘው ነው። ለዘመድ ልጅ መስጠት በአገራችን ያለ ነገር መሆኑንም አላጣሁትም፤ አራት ልጅ ብቻዋን የያዘች ሴት ምን ታድርግ? ይህን ሁሉ ዛሬ ለሌላ ሰው ማስረዳት እችላለሁ። ለራሴ ግን ማስረዳት አልቻልኩም። ቢነግሩኝ ኖሮ አለቅስ ነበር፤ መሬት ላይ እንከባለል ነበር፤ ግን አውቄ እሄድ ነበር። እነሱ ተራራ አሳይተው፣ በጀልባ አንሸራሽረው፣ እያሳቁ ወስደው ጣሉኝ። ያ ሁሉ አውቶብስ ሙሉ ሰው ያውቅ ነበር። በዓመቱ ለጥምቀት እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች። ሮጬ አልተጠመጠምኩባትም። ጎንበስ ብዬ ጉልበቷን ስሜ፣ እንደ እንግዳ "እንደምን ሰነበቱ?" አልኳት። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ፤ ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝም እስከ ዛሬ አዝናለሁ። ስለዚያ ቀን ሳንነጋገር ሞተች።

አያ ስሜነህን ያገኘኋቸው በእናቴ አርባ ላይ፣ ተዝካሩ በተደገሰበት በእሳቸው ቤት ነው። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ትቷል። ባቄላዬን ይዤላቸው ሄጄ ነበር። ምን ልላቸው እንዳሰብኩ ልናገር፤ ይቅር ብያለሁ ብዬ ቅሏ ውስጥ ልጥላት ነበር። ሰው ሲቀንስ ጠብቄ ከጎናቸው ተቀመጥኩና መዳፌን ከፈትኩ። ወዲያው አወቋት። ተነስተው ከግድግዳው ላይ ቅሏን አወረዱ።

"አያ፣ ያን ቀን ሲቆጥሩ ጎደለ?" አልኳቸው።

ቅሏን ጉልበታቸው ላይ አሳረፏት።

"አልጎደለም፣ ይታይሽ" አሉኝ በስሜ ጠርተው። "ከፍኖተ ሰላም ስነሳ ቅሏ ውስጥ የከተትኩት፣ ከቡሬ የሚሳፈሩትንም ጨምሬ፣ የሚመለሰውን ሰው ልክ ነው። ያንቺን ለብቻ ከቤቴ ሌማት አንስቼ ኪሴ ከተትኩ። ልጅ ነሽ፣ ሰው ሁሉ ሲይዝ እጅሽ ባዶ እንዳይሆን ብዬ ነው።"

ግሽ ዓባይ ትዝ አለኝ። አባ ካሴ በበሏት ባቄላ ምክንያት ያ ሁሉ ሰው በዝናብ ሜዳውን ሲያስስ ትዝ አለኝ። ያን ቀን ምንጩ ዳር የጠፋሁት እኔ ብሆን ቅሏ ሙሉ ነበረች፤ አውቶብሱ ይሄድ ነበር። ደሴቷ ላይ ብቀርም ቅሏ ሙሉ ነበረች። ያን ያህል መንገድ ከእነሱ ጋር ስዘምር፣ ከቆሏቸው ስዘግን፣ "የእህቴ ልጅ" ስባል፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሌለሁ ነበርኩ።

አያ ስሜነህ የቅሏን አፍ ወደ እኔ አዘነበሉ።

"ክተቻት በሞቴ። ዛሬ እንኳ ትግባልኝ።"

መዳፌን ጨበጥኩ።

"ቅልዎ ሙሉ ነው አያ" አልኳቸው። "እኔ የማጎድለው የለም።"

አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ባቄላዋን ግን አልሰጠኋቸውም፤ በዓመቱ ሲያርፉም ቀብራቸው ላይ ኪሴ ውስጥ ነበረች።

ዛሬ ባሕር ዳር በጳጉሜ የጉዞ አውቶብሶች ከየአገሩ ሲጎርፉ አያለሁ። ቅል የያዘ የለም። ወጣቶቹ በድምፅ ማጉያ ይጮኻሉ፣ በስልካቸው ይመዘግባሉ፣ ተሳፋሪውም በጣት ሲቆጠር ቅር አይለውም። የአሁኑ ጉዞ ይሻላል አልልም፤ እንደ ያኔው ጭጋግና ዘፈን፣ እንደ አባ ካሴ ቆሎ ያለ ጣዕም በየትኛውም መንገድ አላገኘሁም። ያን ጉዞ የምወደውን ያህል የምወደው ሌላ ነገር ያለኝም አይመስለኝም። የከፋውም ይሄው ነው።

የልጄን ወረቀት ፈረምኩ። በጉዞው ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ሸኘኋት። አውቶብሱ በር ላይ አንድ ወጣት መምህር ቆሟል።

"እንዴት ነው የምትቆጥሯቸው?" አልኩት።

"ኧረ አታስቢ እናቴ፣ ሊስት አለን" አለኝ።

"አሳየኝ።"

ግራ እየገባው ወረቀቱን ሰጠኝ። በጣቴ ከላይ ጀምሬ ወረድኩ። ከመካከል ላይ የልጄ ስም ከነአባቷ ተጽፏል። እንደገና ከላይ ጀምሬ ወረድኩ፤ አለ። መምህሩ ፈገግ ብሎ ወረቀቱን ተቀበለኝ። አውቶብሱ ተነሳ፤ ልጄ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ ሁለት እጇን ታወዛውዛለች። ሌሎቹ ወላጆች ወደየሥራቸው ተበተኑ። አውቶብሱ ታጥፎ ከዓይኔ ከተሰወረ በኋላም እኔ አስፋልቱ ዳር ቆሜ ቀረሁ፤ ባቄላዋ እጄ ውስጥ ነበረች።